መንግሥት ለቤተ መዛግብት ያላስረከበውን ሰነድ ማን ይቆጣጠረዋል? የብሪታንያ አሠራር

የፋይል ተማሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የድኅረ ምረቃ ጥናቴ የብሪታንያ ቅኝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ ሥልጣኑን ባስረከበባቸው የመጨረሻ ዓመታት ላይ ያተኮረ በመሆኑ፣ ከጥቂት ወራት ወዲህ አብዛኛውን ጊዜዬን የማሳልፈው ለንደን ውስጥ ኪው በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የንባብ አዳራሽ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ መልስ የምትሰጡኝም እንዲሁ ብታደርጉ እንግባባለን።)

ጥያቄዬ የተነሣው ከአንዲት ወረቀት ነው። በቅርቡ ያወጣሁት ፋይል ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አልነበረውም፤ ጠርዙ የተበላ የካርቶን ሽፋን፣ ጥጉ ላይ ተበስቶ ጫፉ ብረት በሆነ አረንጓዴ ክር የታሰረ የደብዳቤ ክምር፣ በየደብዳቤው ራስ ላይ በቀይ እርሳስ የተጻፈ ተራ ቁጥር። ቁጥር 41ን አንብቤ ስገልጥ፣ 42 መሆን በሚገባው ቦታ ቀንና ፊርማ ያለበት አጭር ማስታወሻ ብቻ አገኘሁ። ማስታወሻው ሰነዱ በ1958ቱ የሕዝብ መዛግብት ሕግ አንቀጽ 3(4) መሠረት በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ እንዲቆይ መደረጉን ይገልጻል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው 43 ነው። ደብዳቤው ከተጻፈ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ልጠይቅ የምፈልገው ይህን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሰነዱን «አላስረክብም» ሲል የሚፈቅድለት ማን ነው? ፈቃጁስ ሰነዱን በዐይኑ አይቶ ነው ወይስ የመሥሪያ ቤቱን ቃል አምኖ? ተቆጣጣሪ አካል አለ ከተባለስ ከመንግሥት ምን ያህል የተለየ ነው? የመሥሪያ ቤቱን ስም የማልጠቅሰው ውይይቱ የአንድ ቢሮ ክስ እንዲሆን ስለማልፈልግ ነው፤ ማወቅ የምሻው ሥርዓቱን ነው።

መዝገብ አዋቂ

በመዛግብት ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ የቆየሁ ሰው ነኝና የማውቀውን ላካፍልዎ። አስቀድሞ ብዙ አንባቢ የሚያደባልቃቸውን ሁለት ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ተይዞ የቀረ ሰነድ ነው፤ ይህ ከነጭራሹ ወደ ኪው አልሄደም፣ ዛሬም ባወጣው መሥሪያ ቤት ወይም ያንን መሥሪያ ቤት በተካው ዘንድ ይገኛል። ሁለተኛው የተዘጋ ሰነድ ነው፤ ይህ በሥርዓቱ ተረክቦ ኪው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ ግን ለአንባቢ አይወጣም። የመጀመሪያው የሚመራው በሕዝብ መዛግብት ሕግ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከጃንዋሪ 2005 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የመረጃ ነፃነት ሕግ በተዘረዘሩት ክልከላዎች። የእርስዎ 42 ቁጥር ከመጀመሪያው ወገን ነው።

ሕጉ በ1958 ሲወጣ፣ መሥሪያ ቤቶች በዘላቂነት እንዲቀመጡ የተመረጡ ሰነዶቻቸውን በ30 ዓመት ጊዜ ውስጥ እንዲያስረክቡ፣ ሕዝብ ግን ሰነዶቹ 50 ዓመት ሲሞላቸው እንዲያያቸው ደነገገ። በ1967 የመክፈቻው ጊዜ ወደ 30 ዓመት ዝቅ አለ። በ2009 በጋዜጣ አዘጋጁ በፖል ዴከር የተመራው ገምጋሚ ቡድን 15 ዓመት ይበቃል ብሎ ቢመክርም፣ በ2010 የወጣው ሕግ የመረጠው 20ን ነው፤ ለውጡም ከ2013 ጀምሮ በየዓመቱ የሁለት ዓመት ሰነድ እየተላለፈ ለዐሥር ዓመት ያህል ደረጃ በደረጃ እንዲፈጸም ተደረገ።

አንቀጽ 3(4) ከዚህ ግዴታ የሚወጣበት መንገድ ነው። ሰነዱ ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ አሁንም የሚያስፈልግ ከሆነ ወይም ሌላ «ልዩ ምክንያት» ካለ ከጊዜው በላይ ሊያቆየው ይችላል፤ ነገር ግን ጉዳዩን የፍትሕ ሥርዓቱን ለሚመራው ሚኒስትር፣ ለሎርድ ቻንስለሩ፣ አስታውቆ ይሁንታ ማግኘት ይኖርበታል። ይህ ሥልጣን በ2015 ወደ ባህል ጉዳዮች ሚኒስትሩ ተዛውሯል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ፣ በሕግ ፊት የሚፈቅደው ሚኒስትር ነው የሚል ይሆናል። በተግባር ግን ሚኒስትሩ የሚፈርመው የብሔራዊ መዛግብት አማካሪ ምክር ቤት የተባለው አካል መርምሮ የሰጠውን ምክር ይዞ ነው። ምክር ቤቱን የሚመራው በሹመት ሳይሆን በሥልጣኑ የተነሣ ማስተር ኦፍ ዘ ሮልስ ነው፤ ይህም በእንግሊዝና በዌልስ የይግባኝ ፍርድ ቤት የፍትሐ ብሔር ችሎት የበላይ ዳኛ ማለት ነው። ከአባላቱ መካከል የታሪክ ምሁራን፣ የመዛግብት ባለሙያዎች፣ የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኞችና ጋዜጠኞች ይገኙበታል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሊያቆያቸው የሚፈልጋቸውን ሰነዶች በዝርዝር ሠንጠረዥ ጽፎ፣ ከየአንዳንዱ አጠገብ ሰነዱ ስለ ምን እንደሆነና ለምን እንደማይተላለፍ አስረድቶ ወደ ኪው ይልካል። የቤተ መዛግብቱ ሠራተኞች መጀመሪያ ያዩታል፤ ምክንያቱ የላላ ከሆነ ገና ምክር ቤቱ ጋ ሳይደርስ ይመልሱታል። ከዚያ አባላቱ ያነቡታል፣ ይጠይቃሉ፣ ማብራሪያ ይጠብቃሉ። የሚሰጠው ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት አይበልጥም፤ ጊዜው ሲያልቅ መሥሪያ ቤቱ እንደገና ማመልከት ይኖርበታል። እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄዎ የሚነካው ስስ ቦታ እዚህ ላይ ነው፤ አባላቱ በአብዛኛው የሚያነቡት ማመልከቻውን ነው፣ ሰነዱን አይደለም። ሰነዱን ማየት ካስፈለጋቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ የዘወትር አሠራሩ ግን ይህ አይደለም።

ስለ ነፃነቱ ደግሞ፣ ስሙ እንደሚለው አማካሪ ነው፤ ይመክራል እንጂ አይወስንም። አባላቱን የሚሾመውም መንግሥት ነው። ሆኖም የአንድ ከፍተኛ ዳኛ ጥያቄ በቀላሉ ወደ ጎን የሚገፋ አይደለም። መሥሪያ ቤቶችም ምክር ቤቱ ደጋግሞ ሲጠይቃቸው ማመልከቻቸውን ራሳቸው ያነሡና ሰነዱን የሚያስረክቡበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ያለው ነገር በጋዜጣ ስለማይወጣ ምክር ቤቱ ምንም እንደማይሠራ ተደርጎ ይታያል።

አንድ ነገር ልጨምር። የጸጥታና የስለላ ጉዳዮችን የሚመለከቱ ሰነዶች እያንዳንዳቸው በተናጠል አይቀርቡም፤ ለእነርሱ ምድብን የሚሸፍን የጅምላ ፈቃድ አለ። የውስጥ ደኅንነት ድርጅቱ ኤምአይ 5 የታሪክ ፋይሎቹን በራሱ ምርጫ ወደ ኪው ሲልክ ቆይቷል፤ የውጭው ድርጅት ኤምአይ 6 ግን የራሱን ፋይሎች አይልክም። ሁለቱም ከመረጃ ነፃነት ሕጉ ውጭ ናቸው።

ጠርጣራው

መዝገብ አዋቂ ያስረዱት ሁሉ በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ እኔ ግን በዚህ ማብራሪያ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ሳይነሣ እንዳያልፍ እሰጋለሁ። ምክር ቤቱ የሚመረምረው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ጽፎ ያቀረበለትን ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ሰነድ «ለምን አልተላለፈም?» ብሎ ይጠይቃል፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን ግን መኖሩንም አያውቅም። ሰነድ ያዥው ዝርዝሩን እያዘጋጀ ተቆጣጣሪው ዝርዝሩን የሚመረምር ከሆነ፣ የቁጥጥሩ ልክ የሚወሰነው በሰነድ ያዥው ሐቀኝነት፣ አንዳንዴም በሰነድ ያዥው የማስታወስ ችሎታ ነው። ይህን የምለው በምናብ አይደለም፤ ጠያቂው የሚያጠኑት ዘመን ሰነዶች ላይ በትክክል የደረሰው ይህ ነው።

በ2009 አምስት አረጋውያን ኬንያውያን በ1950ዎቹ በቅኝ አገዛዙ ላይ በተነሣው በማው ማው ዓመፅ ጊዜ ለተፈጸመባቸው ማሠቃየት የብሪታንያን መንግሥት ለንደን በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱ። የታሪክ ምሁራኑ ዴቪድ አንደርሰን፣ ካሮላይን ኤልኪንስና ሂው ቤኔት በክርክሩ ውስጥ የባለሙያ ምስክርነት ሲሰጡ፣ ከናይሮቢ ወደ ለንደን የተላኩ ነገር ግን ኪው ያልደረሱ ፋይሎች መኖር እንዳለባቸው የሚያመለክቱ ፍንጮች ተነሡ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም ተጨንቆ ሲፈልግ፣ በ2011 ሃንስሎፕ ፓርክ በተባለው ጥብቅ ጥበቃ ባለው ግቢ ውስጥ ከ37 የቀድሞ ግዛቶች የመጡ 8,800 ያህል ፋይሎች መቀመጣቸው ይፋ ሆነ። በጁን 2013 መንግሥቱ ለ5,228 ከሳሾች ወጪን ጨምሮ 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ሄግም በፓርላማ ቆመው መጸጸታቸውን ገለጹ።

አሁን ወደ አንቀጽ 3(4) እንመለስ። ለእነዚያ 8,800 ፋይሎች ፈቃድ ተጠይቆ ነበር? አልተጠየቀም። ምክንያቱ ደግሞ ከክፋት ይልቅ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሚቀርብ ነው። ፋይሎቹ የቅኝ ግዛት አስተዳደሮች ንብረት ስለነበሩ፣ በሕጉ ትርጉም የብሪታንያ የሕዝብ መዛግብት ናቸው ወይስ የአደራ ዕቃ የሚለው ሳይለይለት ለዐሥርት ዓመታት ቆየ። የሕዝብ መዝገብ ካልሆኑ ማስረከብ አያስፈልግም፤ ማስረከብ ካላስፈለገ ለማቆየት ፈቃድ አያስፈልግም፤ ፈቃድ ካላስፈለገ ምክር ቤቱ ፊት የሚቀርብ ዝርዝር የለም። በማስተር ኦፍ ዘ ሮልስ የሚመራ አካል በየጊዜው እየተሰበሰበ በጥንቃቄ ሲመረምር በነበረበት ዘመን ሁሉ፣ አንድ ሙሉ መጋዘን ከዐይኑ ሥር አልነበረም ማለት ነው። ከዚህም በኋላ «ልዩ ስብስቦች» የተባለ ሌላ ክምችት መኖሩ ታወቀ፤ መጀመሪያ 1.2 ሚሊዮን ፋይል ነው ተባለ፣ ቆየት ብሎ ሲቆጠር ግምቱ ወደ 600,000 ገደማ ወረደ። ምን ያህል እንደያዘ ያላወቀ መሥሪያ ቤት ዝርዝር እንዴት ያቀርባል?

ቁጥር 42 ላይ ያገኙት ማስታወሻ እኮ፣ ጠያቂው ልብ ይበሉልኝ፣ የደግ ዕድል ምልክት ነው። ቢያንስ ሰነዱ መኖሩ፣ በየትኛው ሕግ እንደተያዘና በማን እንደተያዘ ተጽፏል። በ1961 የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ኢያን ማክሊዮድ ለግዛቶቹ ባስተላለፉት መመሪያ፣ መንግሥትን፣ ፖሊስን ወይም መረጃ አቀባዮችን ሊያሳፍር ወይም ሊያጋልጥ የሚችል ወረቀት ለተተኪው መንግሥት እንዳይሰጥ ታዘዘ። ወረቀቱ ሲቃጠል አመዱ ራሱ እንዲደቅ፤ ባሕር ውስጥ የሚጣል ከሆነም ክብደት በታሰረበት ሣጥን ተደርጎ፣ ከጠረፍ እጅግ ርቆ፣ ጥልቅና ጅረት በሌለበት ውኃ እንዲሰጥም የሚል ዝርዝር ትእዛዝ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ለእንዲህ ያለው ሰነድ መጉደሉን የሚናገር ማስታወሻ በቦታው አልተተካለትም።

ሕግ ነክ

በሁለቱ መካከል ያለው ክርክር ጠቃሚ ቢሆንም ጠያቂው ነገ ጠዋት ምን ያድርጉ የሚለው እንዳይረሳ። ብዙ ተመራማሪ በአንቀጽ 3(4) የተያዘ ሰነድ ሲያይ በሩ ተዘጋ ብሎ ይመለሳል፤ ይህ ስሕተት ነው። አንቀጽ 3(4) የሚናገረው ሰነዱ የት እንደሚቀመጥ ብቻ ነው፤ ሰነዱን ከመጠየቅ መብት አያስወጣም። ሰነዱን የያዘው መሥሪያ ቤት በመረጃ ነፃነት ሕጉ የሚገዛ እስከሆነ ድረስ፣ በቀጥታ ለእርሱ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል፤ መሥሪያ ቤቱም በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት። ቢከለክል በሕጉ ውስጥ ካሉት ክልከላዎች የትኛውን እንደጠቀሰ መግለጽ ይኖርበታል፤ «በ3(4) ተይዟል» የሚለው ብቻውን የመከልከያ ምክንያት አይሆንም። ሊጠቀሱ የሚችሉት በዋናነት አንቀጽ 23 ስለ ጸጥታ ድርጅቶች፣ አንቀጽ 24 ስለ ብሔራዊ ደኅንነት፣ አንቀጽ 27 ስለ ዓለም አቀፍ ግንኙነት፣ እንዲሁም አንቀጽ 40 ስለ ግል መረጃ ናቸው።

ኪው ውስጥ ለተዘጋ ሰነድ ግን አመልካቹ የሚጽፈው ለቤተ መዛግብቱ ነው። ቤተ መዛግብቱ ሰነዱን ያወጣውን መሥሪያ ቤት ያማክራል፤ የሕዝብ ጥቅም ሚዛን የሚታይበት ክልከላ ከሆነ ከዚያው ከአማካሪ ምክር ቤቱ የተውጣጡ ጥቂት አባላት ይመለከቱታል፤ የጊዜው ገደብም ወደ 30 የሥራ ቀናት ከፍ ይላል።

መልሱ ካላረካዎ በቅድሚያ መሥሪያ ቤቱ ውሳኔውን ራሱ እንዲያየው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ለመረጃ ኮሚሽነሩ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ለመረጃ መብት ችሎት ያቀርባሉ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን ፍሬ የለውም ማለት አይደለም። በ2014 መጀመሪያ ላይ ለሕዝብ ከተከፈቱ ፋይሎች መካከል፣ በ1984 የህንድ ጦር አምሪትሳር ወደሚገኘው ወርቃማው ቤተ መቅደስ ከመግባቱ በፊት አንድ የብሪታንያ ወታደራዊ መኮንን ምክር መስጠቱን የሚያሳዩ ደብዳቤዎች ተገኙ፤ ይህም የመንግሥት ምርመራ አስከተለ። ተያያዥ ፋይሎችን አንድ ጋዜጠኛ ሲጠይቅ ቢከለከልም ይግባኙን እስከ ችሎቱ ድረስ ገፋው፤ በ2018 ችሎቱ አብዛኞቹ እንዲከፈቱ ወሰነ። እዚህ ላይ ጠርጣራው ካነሡት ጋር የሚገናኝ ነገር አለ፤ የመረጃ ኮሚሽነሩና ችሎቱ ከአማካሪ ምክር ቤቱ በተለየ ክርክር የተነሣበትን ሰነድ ራሱን አስቀርበው ያነባሉ።

ከራሴ ያየሁትን ላክል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን ለማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት «ጉዳዩን የሚመለከቱ ሰነዶች በሙሉ ይሰጡኝ» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ ፍለጋው ከወጪ ጣሪያው በላይ ስለሆነ አናስተናግድም የሚል ነበር። ለማዕከላዊ መንግሥት መሥሪያ ቤት ጣሪያው 600 ፓውንድ ነው፤ በሰዓት 25 ፓውንድ ስለሚታሰብ 24 ሰዓት የሚወስድ ፍለጋ ማለት ነው። ስግብግብነቴ ነበር መልሱን ያሳጣኝ። በሁለተኛው ማመልከቻ የፋይሉን መለያ፣ የቅጠሉን ተራ ቁጥርና የተገመተውን ቀን ጠቅሼ አንዲት ደብዳቤ ብቻ ጠየቅኩ። ቆይቶም ቢሆን መጣልኝ፤ የሁለት ሰዎች ስም በጥቁር ተሸፍኗል፣ የቀረው ይነበባል። ተሸፍነው የመጡት ስሞች የማን እንደሆኑ እዚያው ፋይል ውስጥ ሌላ ደብዳቤ ላይ ሳይሸፈኑ አገኘኋቸው፤ ይህን ያዩ ሁሉ ፈገግ ይላሉ፣ ነገር ግን ሸፋኙ ፋይሉን በሙሉ እንዳላነበበ ያሳያል።

ከባሕር ማዶ

የውይይቱ ርእስ ብሪታንያ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጠርጣራው ላነሡት የዝርዝር ጉዳይ ግን ከአሜሪካ አንድ ንጽጽር ላቅርብና ልመለስ። በ2006 አንድ ጉዳይ ይፋ ሆነ፤ አንድ የታሪክ ምሁር ከዓመታት በፊት በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከክፍት መደርደሪያ አንሥቶ ኮፒ ያደረጋቸው ሰነዶች ተመልሶ ሲፈልጋቸው ከሣጥኖቻቸው መጥፋታቸውን አየ። ጉዳዩ ሲገፋ የስለላና የጦር መሥሪያ ቤቶች አንድ ጊዜ ለሕዝብ የተከፈቱ ሰነዶችን በጸጥታ ሲያወጡና መልሰው ምሥጢር ሲያደርጉ እንደቆዩ ታወቀ። የመረጃ ጥበቃ ቁጥጥር ቢሮ የተባለው አካል ኦዲት አድርጎ የተነሡት ሰነዶች ከ25,000 በላይ መሆናቸውን አሳወቀ። ኦዲተሮቹ ሣጥን ከፍተው ናሙና አንሥተው ሰነድ በሰነድ ሲያነቡ፣ ከሦስቱ አንድ ያህሉ መነሣቱ ፈጽሞ አግባብ ያልነበረ ወይም አጠራጣሪ ሆኖ ተገኘ።

ሁለት ነገር አስተውሉ። ኦዲተሮቹ ያነበቡት ሰነዱን ነው፣ ስለ ሰነዱ የተጻፈውን ምክንያት አይደለም፤ ያንን ውጤት ያገኙትም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ነገሩን መጀመሪያ ያገኘው ቁጥጥር ቢሮው አልነበረም፤ የቀድሞ ኮፒውን ያልጣለ አንድ አንባቢ ነው። የተቆጣጣሪ ቢሮ የሌላት አገር ስላልነበረች ነገሩ ለቢሮው ጥሩ ስም አልሰጠውም፤ ያም ሆኖ ቆሻሻውን አደባባይ ያወጣው የራሱ ሪፖርት ስለሆነ ተገቢውን ምስጋና ልንነፍገው አይገባም።

መዝገብ አዋቂ

ጠርጣራው ያሉትን አልክድም፤ ሃንስሎፕ ፓርክ ለሙያው ሁሉ የሚያሳፍር ነው። ግን አንድ ጭብጥ ላይ አልስማማም። ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ምክር ቤቱ ጥርስ የለውም ብንል፣ መድኃኒቱ ለምክር ቤቱ ተጨማሪ ሥልጣን መስጠት ይመስለናል። ምክር ቤቱ የመወሰን ሥልጣን ቢኖረውም እነዚያን 8,800 ፋይሎች አያገኛቸውም ነበር። የጎደለው ቆጠራ ነው። መሥሪያ ቤቶች በግቢያቸው ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ይተላለፋልም አይተላለፍም ሳይሉ፣ ቆጥረው ለውጭ አካል እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ፣ ካላሳወቁም የሚጠይቃቸው ነገር ያስፈልግ ነበር። በ1958ቱ ሕግ ሳያስረክብ ለዘገየ መሥሪያ ቤት የተደነገገ ቅጣት የለም። በመረጃ ነፃነት ሕጉ ግን ሰነድ ከተጠየቀ በኋላ ላለመስጠት ሲሉ ማጥፋት ወንጀል ነው፤ ልዩነቱን ራሳችሁ መዝኑት።

ደግሞም የወረቀቱ ዘመን የተሻለው ነበር። ወረቀት ቦታ ይይዛል፣ መጋዘን ይሞላል፣ አንድ ቀን ሰው ያገኘዋል። በ20 ዓመቱ ደንብ ወደ ኪው መድረስ የጀመሩት የዚህ ክፍለ ዘመን ሰነዶች ግን በኢሜይልና በጋራ ኮምፒውተር ቋት ውስጥ የተበተኑ ናቸው። ወረቀት በነበረ ጊዜ መዝገብ ቤት ገቢና ወጪውን ቁጥር ሰጥቶ ስለሚያስር፣ ከ41 ቀጥሎ 43 ሲመጣ አንባቢ ጎድሎት መሆኑን ያውቃል። ቁጥር ያልተሰጠው ኢሜይል ሲጎድል ግን ክፍተቱ አይታይም። ማንበብ ያለበት ሰውም ሲያንስ፣ ገምጋሚው አጠራጣሪውን ነጥሎ ከማየት ይልቅ ጥቅሉን መዝጋት ይቀለዋል።

ለጠያቂው ሁለት የሙያ ምክር አለኝ። ሕግ ነክ እንዳሉት ማመልከቻዎ አንዲት ደብዳቤን የሚያመለክት መሆን አለበት፤ ለዚያ ቀኗን፣ ላኪዋንና ጉዳይዋን ማወቅ ያሻል። እነዚህን ማስታወሻው አይነግርዎትም፤ ፋይሉ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ይነግርዎታል። ከደብዳቤዎቹ በፊት ወይም በግራ በኩል ባለሥልጣናቱ እርስ በርስ የሚጻጻፉባቸውን የማስታወሻ ገጾች ደግመው ያንብቡ። ሰነድ የሚነቅል ገምጋሚ ደብዳቤውን ያነሣል፣ ስለ ደብዳቤው የተጻፈውን አንድ መስመር ግን ይዘነጋል። ሁለተኛው ግልባጭ ነው። ከናይሮቢ የተጻፈ ደብዳቤ ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይላክም ነበር። የቅኝ ግዛት መሥሪያ ቤቱ የምሥራቅ አፍሪካ ተከታታይ ሲኦ 822 ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ዕዝ ሰነዶች ደብሊዩኦ 276 ሥር አሉ፤ ከሃንስሎፕ የመጡት ደግሞ ኤፍሲኦ 141 ሥር ተቀምጠዋል። አንዱ መሥሪያ ቤት የያዘውን ሌላው ሳያውቅ ከፍቶት ሊሆን ይችላል።

ጠርጣራው

ቆጠራውን በሚመለከት ከመዝገብ አዋቂ ጋር እስማማለሁ፤ ቃሉን ያገኙልኝ እርሳቸው ናቸው። የጅምላ ፈቃዱ ግን አሁንም ይከነክነኛል። በምድብ የሚፈቀድ ከሆነ፣ አንድ ወረቀት በምድቡ ውስጥ ይግባ አይግባ የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? ያው ሰነድ ያዥው ነው። በ60 ዓመቷ ደብዳቤ ላይ እንኳ ይህን ጥያቄ ከውጭ ሆኖ የሚያነሣ ሰው እስኪመጣ ድረስ ማንም ላይጠይቀው ይችላል።

የፋይል ተማሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ የማስታወሻ ገጾቹን ደግሜ እንዳነብ የተሰጠኝ ምክር ሠርቷል። ትናንት ፋይሉን እንደገና አውጥቼ ከደብዳቤዎቹ ይልቅ በእጅ የተጻፉትን ገጾች ተከታተልኩ። ጽሕፈቱ የተቻኮለ ስለነበረ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በሦስተኛው ገጽ ግርጌ አንድ የቢሮ ኃላፊ «ቁጥር 42ን ይመልከቱ» ብሎ፣ ከጎኑ የደብዳቤውን ቀንና የላኪውን የሥራ ደረጃ፣ ቀጥሎም «የእስረኞች ዝውውርን በሚመለከት» የሚሉ ቃላት ጽፏል። ከዚያ ሲኦ 822 ሥር በዚያው ወር የተጻፉትን ፈለግኩ፤ ግልባጩን አላገኘሁም፣ ነገር ግን ለዚያች ደብዳቤ የተሰጠውን መልስ አገኘሁ፤ ገጹ ክፍት ነው፣ ራሱ ላይም የደብዳቤዋ ቁጥርና ቀን ተጠቅሶበታል። ሁለቱ ቀኖች ይገጥማሉ።

ማመልከቻውን ዛሬ ጠዋት ልኬዋለሁ፤ አራት መስመር ብቻ ናት። ስለ ጅምላ ፈቃዱ የተነሣውን ጥያቄም አክዬበታለሁ፤ ደብዳቤዋ በተናጠል ቀርባ ተፈቅዶላት እንደሆነ ወይም በምድብ ፈቃድ ተሸፍና እንደሆነ፣ ፈቃዱ የሚያበቃበት ዓመት መቼ እንደሆነም እንዲገልጹልኝ ጠይቄያለሁ። 20ው የሥራ ቀን ሲሞላ የመጣውን መልስ፣ መልስ ካልመጣም አለመምጣቱን፣ እዚሁ እጽፋለሁ።